የእትዬ ሣህሊቱ ምስክርነት

የአሜሪካ ወታደር ሆኜ ኢራቅ ውስጥ ከመኪናችን ሥር ፈንጂ ከፈነዳ ወዲህ፣ ራስ ምታቱ ሲነሳብኝ ሰው አይደለሁም። ብርሃን ያሳውረኛል፤ አስታውካለሁ፤ ወለል ላይ እዘረራለሁ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ጉዳቴን ሠላሳ በመቶ ብሎ ገመተው። ይግባኝ አልኩ። ካሸነፍኩ የጉዳት አበሌ ስለሚያድግ ሥራ ትቼ መታከም እችላለሁ። ወኪሌ፣ ሥራ ላይ ስወድቅ ያየ ምስክር አምጣ አለኝ።

ከአክስቴ ከእትዬ ሣህሊቱ የተሻለ ማን አለ? የምሠራው ፌርፋክስ ያለው ሱቋ ውስጥ ነው። ጓዳው ውስጥ ስወድቅ መብራት የምታጠፋልኝ እሷ ናት።

“እንዳየሽው ተናገሪ” አልኳት ወደ ችሎቱ ስንሄድ መንገድ ላይ።

“ኦኬ፣ ኦኬ! ምስክርነት ልታስተምረኝ ነው?”

ዳኛዋ በስክሪን ቀረበች። “ዮፍታሄ ሥራው ላይ እንዴት ነው?” ብላ ጠየቀች፤ አስተርጓሚው ተረጎመላት።

እትዬ ሣህሊቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሳች። “የተከበሩ ዳኛ፣ እንደሱ ያለ ልጅ አልተወለደም! ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። የጤፍ ጆንያ ብቻውን ይሸከማል!”

“ራስ ምታቱስ?”

“የማያመው ሰው አለ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።”

እኛ ዘንድ መመስከር ማለት ማሞገስ ነው። የዘመድን ሕመም በባዕድ ፊት መዘርዘር ነውር ነው። በዚህ ጨዋነታችን ስንቱን ቀበርን! ለቅሶ ቤት ስንደርስ ብቻ “ለካ ታሞ ኖሯል” እንባባላለን።

ብድግ ብዬ “ውሸቷን ነው!” አልኩ በእንግሊዝኛ።

“እሷ እኮ ያንተው ምስክር ናት” አለች ዳኛዋ።

ወኪሌ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳውን እየዘጋ “አለቀልን” አለኝ። “ቀርቶ የማያውቅ ሠራተኛ ይዤ ምን ብዬ ልከራከር?”

ፍሪዌይ ላይ ስንገባ ራስ ምታቱ ተነሳብኝ። እትዬ ሣህሊቱ ሳልነግራት አወቀች። ዳር ይዛ ፓርክ አደረገች፤ ወንበሬን ወደ ኋላ አስተኛችው፤ ነጠላዋን አጥፋ ዓይኔ ላይ ጣለችልኝ፤ የማስታውክበት ላስቲክ አፌ ሥር ያዘችልኝ። ላስቲኩን ከቤት ይዛው ነበር የመጣችው።

“ይሄን ነበር እኮ የምትነግሪያት!”

“ልጄ በሽተኛ ነው ልበል? ማን ሚስት ይሰጥሃል?”

“ዳኛዋ ልጇን ልትድርልኝ ነበር?”

“ዝም በል። ስትናገር ይብስብሃል።”

አንድ እጇን ግንባሬ ላይ እንዳደረገች ሱቅ ለምትጠብቀው ልጇ ለሔለን ደወለች።

“ዛሬ አንመለስም፤ አንቺው ዝጊ” አለቻት። “አይ፣ ምንም አልሆነም። ዮፍታሄ ጉዳይ ይዞት ነው።”