እናውራ ወይስ እንተኛ

ማሚት በሕይወቷ አንድ ቀን ጨዋ ልሁን ብላ ነበር፤ በዚያው ቀን ጎረቤቷን አጣች።

ማሚት ፊደል አልቆጠረችም። ግን ደማስቆ ሰው ቤት ተቀጥራ ብዙ ዓመት ስለኖረች ዐረብኛው አፏ ላይ ይሮጣል። ልጇ ኢየሩሳሌም ሚኒሶታ ስታመጣት ታዲያ ዐረብኛ ምን ይሠራል? ኢየሩሳሌም ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርት ውስጥ ነው ሥራዋ። ጎህ ሳይቀድ ድራይቭ አድርጋ ትሄዳለች፤ ሺፍቷን ጨርሳ ስትመለስ ሶፋው ላይ ዘፍ ነው። ቤታቸው ባለበት በኢገን ደግሞ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ይቆጠራል። ማሚት ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ጋር ስትጣላ ትውላለች። በረዶ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድቤ አባርረው ነበር ትላለች።

አንድ ቀን የሕንፃው የእሳት ደወል ያለ እሳት ጮኸና ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ወጣ። ማሚት ጋቢዋን ተከናንባ፣ እግሯ በነጠላ ጫማ፣ ደወሉንም የሠራውንም በዐረብኛ ትራገም ጀመር፤ እርግማን በዐረብኛ ይጣፍጣል ባይ ናት። አጠገቧ የቆመች ነጭ ሻሽ ያሰረች ባልቴት ሳቋ አመለጣት። ኡም ነዲም ትባላለች፤ የነዲም እናት ማለት ነው፤ በአገሯ ሴት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። የሶርያ ሰው ናት፣ የሀለብ ተወላጅ። ነዲም ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የልጅ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በእንግሊዝኛ ሰላም ብለው ክፍላቸውን ይዘጋሉ። ከማሚት ጋር በር ለበር ናቸው፤ ግን እስከዚያ ቀን አልተዋወቁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ዝኩኒ ይቦረቡራሉ፣ ሩዝና ሥጋ ይሞሉበታል፣ የሰው ስም ያነሳሉ። ኡም ነዲም ተረት ካነሳች ግን ፊቷ ይበራል። ሀለብ ሳለች፣ ብርድ ሲገባ፣ የሰፈሩ ሴት ምድጃዋን ከቦ እሷን ነበር የሚያዳምጠው። ቀን ግን አይተረትም፤ ሥራ ያስፈታል። ማሚትም የእኛም አገር እንደዚያው ነው አለቻት። የዚህ አገር ደግነቱ፣ በታኅሣሥ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

እና አንድ አመሻሽ ኡም ነዲም መብራቱን ቀነሰች። የዱባ ፍሬ በሳህን አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ነበረ፣ ደግሞም አልነበረ፣" አለች ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ፣ "በጥንት በድሮ ዘመን። እናንተ የተከበራችሁ፣ እናውራ ወይስ እንተኛ?"

ማሚት ጥያቄውን ታውቀዋለች። ደማስቆ፣ የቤቱ አያት ልጆቹን ሰብስባ ስትጠይቅ፣ ማሚት ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ቁጭ በይ ያላት ግን የለም። ተረቱ መሞቅ ሲጀምር ሂጂ ሳህን እጠቢ ነው። የስንቱ ልዑል መጨረሻ እንደዚያ ቀርቶባታል። አሁን ጥያቄው ለራሷ መጣ፤ ልቧ ዘለለ። ልቧ ሲዘል ደግሞ የእናቷ ምክር ትዝ አላት፦ ሰው ሲያቀርብልሽ እንደ ራብተኛ ዘለሽ አትያዢ፤ መጀመሪያ እንቢ በይ፤ በሞቴ ስትባዪ ያኔ ትቀምሻለሽ።

"ኧረ ተዪው፣ ይደክምሻል፣" አለች እንደ ሙሽራ አቀርቅራ። "እንተኛ ይሻላል።"

በሞቴ እስክትባል ጠበቀች። ኡም ነዲም ብርጭቆውን አነሳች። ሳህኑን አነሳች። መብራቱን መልሳ አበራችና ደህና እደሪ አለቻት። ገና ራት እንኳ አልደረሰም።

በማግስቱ ማሚት ስታንኳኳ ኡም ነዲም ከውስጥ ሆና ራሴን አሞኛል አለች። ከዚያ በኋላማ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ በሩን የሚከፍት ጠፋ። ማሚት ጨሰች። ኩራት ከሆነ የኔን ገና አላየችም አለች። ኢየሩሳሌም ሶፋው ላይ እንደተጋደመች፣ እማዬ ጀስት ሶሪ በያት ብትላት፣ ምን አድርጌ፣ ጨዋ ስለሆንኩ ነው ይቅርታ የምለው ብላ አፈጠጠችባት።

ነገሩን የፈታላት ነዲም ነው። ሊፍት ውስጥ ተገናኙ። ዳቦ ታቅፎ ጫማውን ጫማውን እያየ፣ በአገራቸው ያ ጥያቄ የወግ እንዳልሆነ፣ ተረት የሚያወራ ሰው ከልቡ እንደሚጠይቅ፣ እንተኛ ከተባለም ነገሩ እዚያው እንደሚያበቃ አስረዳት። ኻልቶ ነው የሚላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

"ኻልቶ፣ እናቴ ከሀለብ ከወጣች ወዲህ ማንንም ጠይቃ አታውቅም፤ እርስዎን ነው የጠየቀችው። አሁን ሁለተኛ አልጠይቅም ብላለች።"

ነዲም ወርዶ ማሚት ሊፍቱ ውስጥ ቀረች። በር ላይ ቆማ የሰማችው ጥያቄውን ነው እንጂ ደንቡን የነገራት የለም። ያቺ ሴት ዳግመኛ ካልጠየቀች ማሚት አንድ ተረት ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሳትሰማ መሞቷ ነው። አፏን የምትፈታበት ሰውም በዚህ ሕንፃ ሌላ የላትም። ይቅርታ ማለት ደግሞ አልለመደባትም።

ሲጨልም ሄዳ በሩን በጡጫ ደበደበችው። ኡም ነዲም ከፈተች፤ ግን ራሷን እንደያዘች ነው።

"ካመመሽ ተጋድመሽ ስሚኝ፣" አለች ማሚት። ቁጭ በይ ሳትባል ሶፋው ላይ ተቀመጠች። "ተረት ተረት። የላም በረት ብለሽ መልሺልኝ።"

"የምን ላም?"

"ላሟ ምን አገባሽ። መልሺ ስትባዪ መልሺ።"

ኡም ነዲም ግራ እየገባት የላም በረት አለች። ማሚት ተረት አታውቅም፤ እዚያው ፈጠረች። አንዲት እንግዳ ነበረች፣ ራብ ሆዷን የሚያላውሳት። ባለቤቲቱ ብይ ብትላት አልበላም አለች። ባለቤቲቱም ሳህኑን አንስታ መብራት አበራች። እንግዳዋ በራብ ሞተች።

"ከዚያስ?" አለች ኡም ነዲም።

"ከዚያማ ምን አለ። ሞተች። በባለቤቲቱ ድንቁርና።"

 የኡም ነዲም እጅ ከግንባሯ ወረደ። "ደንቆሮዋ እኔ ነኝ?"

"እንቢ ያለ ሁሉ እንቢ ማለቱ ነው ያለሽ ማን ነው? በእኛ አገር ሰው ይለመናል። ብትለምኚኝ ምላስሽ ይረግፍ ነበር?"

"ምግብ ከሆነማ የእንግዳ ሆድ እስኪፈነዳ እንለምናለን። ተረት ግን በግድ አይጎረስም። አልፈልግም ላለ ሰው ያወሩት ተረት ይበላሻል።"

እውነትሽን ነው ማለት ለማሚት ከጥርስ ሕመም ይብሳታል። "አሁን ጠይቂኝና እዪኝ፣" አለች ብቻ።

ኡም ነዲም ገባ ብላ የዱባ ፍሬውን ይዛ መጣች። መብራቱን ቀነሰች። ሳትቸኩል ተደላድላ ተቀመጠች፤ ሆን ብላ ማሚትን ለማቃጠል ይመስላል።

"ነበረ፣ ደግሞም አልነበረ። እናንተ የተከበራችሁ፣ እናውራ ወይስ . . ."

"አውሪ፣" አለች ማሚት ሳታስጨርሳት።

አንድ ልጅ ነበረ፤ እናቱ ታማበት መድኃኒት ፍለጋ ሰባት ተራራ ተሻገረ። ከተራራው ማዶ ጉላ ተቀምጣለች፤ የእኛ ጭራቅ ማለት ናት። ትፈጫለች፤ ጡቷ ረጅም ስለሆነ ወደ ትከሻዋ ኋላ ጥላዋለች። ልጁ ከኋላ ተሳበና ከቀኝም ከግራም ጠባ። ጉላዋ ዞራ አየችው። ጡቴን ባትጠባ ኖሮ አጥንትህን ቆርጥሜ ውሃ እጠጣበት ነበር አለችው።

"አበቃ፣ ልጇ ሆነ፣" አለች ማሚት። "በእኛም የጡት ልጅ አይካድም። ከእንግዲህ ብትበላው ጉላም አትባል።"

ኡም ነዲም ፍሬውን እየሰበረች፣ አትቸኩዪ፣ ወልዳ ያሳደገቻቸው ሌሎች ልጆች አሏት፣ ከአደን እየመጡ ነው አለቻት። ይሄኔ ነዲም ከሥራ መጣ። በሩን እንደከፈተ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ቀረ፤ እናቱ ግን ዞር ብላም አላየችውም።

"ወይ ግባ ወይ ውጣ፣" አለችው ማሚት፣ "ብርድ አስገባህብን።"

በሩን ዘግቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጉላዋ ልጁን መርፌ አደረገችውና ሻሿ ላይ ሰካችው። ልጆቿ ተራራውን እያንቀጠቀጡ ደረሱ። አፍንጫቸውን እያነፈነፉ፣ እማዬ የሰው ሽታ ሸተተን አሏት።

"ይሽተታችኋ፣" አለች ማሚት፣ ሳህኑን ወደ ራሷ እየሳበች።