የመምህር ቢያድግልኝ ጀርባ

7.

«በግ ነው» አሉ መምህር ቢያድግልኝ። ከሥዕሉ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ግን «አንበሳ» ይላል። «አንበሳ ማለት ይሄ ከሆነ እኔም ጎረምሳ ነኝ። ሦስት ከአስር።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘው ትንሿ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከሥዕል መምህርነት ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ማረም አልተዋቸውም።

ባለቤታቸው ይርገዱ ከኋላቸው ቆማ በልቧ ቆጠረች። ሰባት ቀራት።

(ከሰባት የጀመርኩት ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ስለማይረቡ ነው። ሁለት የጀንበር መጥለቂያ፣ ሦስት ፏፏቴ፣ አንድ ደግሞ አንገት የሌለው ባለሥልጣን። ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ እዩ፤ እስከ እሑድ ክፍት ነው።)


0.

ከዚህ በፊት የሆነው ይህ ነው።

ለሥዕል ዐውደ ርእይ መክፈቻ የከተማው ወጣቶች አዳራሽ በር ላይ ሪባን ታሰረ። ካሜራ የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ስላመለጠው ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ለክብር እንግዶች የተዘረጋው ሶፋ ፊቱን ወደ መድረኩ፣ ጀርባውን ወደ ሥዕሎቹ ሰጥቷል። እንግዶቹ ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ንግግር ሲሰሙ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩም። ፈንዲሻውን ግን ጨርሰውታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሽመክት ደንቡን አስታወቁ። አድልዎ እንዳይኖር ሥዕሎቹ የተሰቀሉት ያለ ሠዓሊው ስም፣ በቁጥር ነው። ሕዝቡ አይቶ ሲጨርስ የሠዓሊዎቹ ስም በመድረክ ይነበባል። ስሙ እንዲነበብ የማይፈልግ ካለም በቅጹ ላይ ያመልክት። በዚህ ከተማ ስሙ በማይክ እንዳይጠራ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብለው ያሰቡ አቶ ሽመክት ብቻ ናቸው።

አንድ ሰው ግን ነበረ።


ቅጽ

የሥዕሉ ቁጥር፦ 14
የሠዓሊው ስም፦ ይርገዱ ካሳሁን
ስሜ በመድረክ፦   ይነበብ ☐   አይነበብ ☐

ወረቀቱ ይርገዱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ባሏ ቁጥር 14ን አይተው አንድ ጥሩ ቃል ከወጣቸው «ይነበብ» ላይ ምልክት ታደርጋለች። ካጣጣሉት «አይነበብ» ላይ አድርጋ፣ ብሩሽ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላትነካ ቆርጣለች። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ የተፈቀደላት የእሳቸውን ብሩሽ ማጠብ ብቻ ነበር። ይህንን ሥዕል የሠራችው እሑድ እሑድ እሳቸው ዕድር ስብሰባ ሲሄዱ፣ ጣሳ ውስጥ በተረፈ ቀለማቸው ነው። እግዜር ይስጠው፣ ዕድሩ ስብሰባ ማሳጠር አያውቅም።


8.

«ይሄስ ምንድነው?»

«ቀጭኔ ይመስለኛል ጋሼ» አለች ይርገዱ።

«እዚህ ከተማ ቀጭኔ ማን አይቶ ያውቃል? አራት። እሱም ለድፍረቱ።»


9.

«ይሄኛው ተዘቅዝቆ ነው የተሰቀለው።»

እውነታቸውን ነው። አንገታቸውን አዙረው አቃንተው ሲያዩት ግን ሁለት ከማግኘት አልዳነም።


ለአንባቢ

እሳቸውን በአክብሮት የማነሳቸው ወድጄ እንዳይመስላችሁ። የምነግራችሁ ከይርገዱ ጎን ቆሜ ነው፤ እሷ ደግሞ ባሏን አንቱ ነው የምትለው። ጠዋት ግራጫ ኮታቸውን አለበሰቻቸው፤ ማታ እሷው ታወልቅላቸዋለች። መንገድ ላይ አንድ እርምጃ ከኋላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ከእሳቸው አካል አጥርታ የምታውቀው የቱን እንደሆነ ገምቱ።


10. 11. 12.

አበባ።

አበባ።

አበባ።

ሦስቱም የፕላስቲክ አበባ እየታየ የተሳሉ ናቸው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ።


13.

ምን እንደሆነ አላውቅም። ይርገዱ አላየችውም፤ ዓይኗ ቀድሟት 14 ላይ ደርሷል።


14.

ጀርባ።

አንድ ሰው መስኮት ዳር ተቀምጧል። ግራጫ ኮት፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ትከሻ፣ ከኮሌታው በላይ በቅጡ ያልተላጨ ማጅራት። ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ኮቱ ላይ ቡናማ ምልክት አለ፤ የካውያ ጫፍ ያክላል።

መምህር ቢያድግልኝ ቀረብ አሉ። ራቅ አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ፊት መሳል ሲያቅተው አዙሮ አስቀመጠው» አሉ። «ትከሻውን ተመልከቺ፣ ጠማማ። ሰው እንዲህ አይቀመጥም።»

«አይቀመጥም ጋሼ?»

«አይቀመጥም። ይሄ ቡናማው ደግሞ ቀለም አንጠባጥቦ ነው። ዝርክርክ! ተማሪዬ ቢሆን ጆሮውን ነበር የምይዘው። ሁለት።»

ሁለት።

ይርገዱ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይነበብ» ላይ ምልክት ልታደርግ ብላ እስክሪብቶ ፈለገች፤ አልያዘችም።


ስለ ቡናማው ምልክት

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መብራት የጠፋ ቀን፣ ይርገዱ ኮቱን በከሰል ካውያ ስትተኩስ አቃጠለችው። ቁጣቸውን ፈርታ ዝም አለች። የምታለብሳቸው እሷ፣ የምታወልቅላቸው እሷ፣ የምትሰቅለው እሷ ስለሆነች እሳቸው አይተውት አያውቁም።

ከተማው ግን ያውቀዋል።


14. (ከኋላ)

በሩ አጠገብ ቅጽ የምታድለው ሰዓዳ መምህር ቢያድግልኝ ስምንተኛ ክፍል ሥዕል ያስተማሯት ናት። ቀና ስትል ሁለት ጀርባ አየች፤ አንዱ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከፊቱ ቆሞ። ያው ግራጫ ኮት። ያው ያዘነበለ ትከሻ። ያው ምልክት፣ በዚያው ቦታ።

አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። ፈንዲሻ የያዙት ዞሩ፤ እነሱም ሳቁ። በመጨረሻ ሶፋው ላይ ያሉት የክብር እንግዶች፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ሥዕል መለሱ።

መምህር ቢያድግልኝ ውጤቱን ለመጻፍ ወደ ኪሳቸው የሰደዱት እጅ እዚያው ቀረ።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?»

«ቲቸር» አለች ሰዓዳ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሌዳው ዞረው አይደል ያስተማሩን? ፊትዎን ብንረሳ እንኳ ይሄን ጀርባ እንረሳዋለን?»


15.

ቁጥር 15 የሚባል ሥዕል የለም። ይህ መምህር ቢያድግልኝ ኮታቸውን ራሳቸው ያወለቁበት ነው።

አንዱ እጅጌ ያዛቸው። ይርገዱ ንቅንቅ አላለችም። እንደ ምንም አውልቀው ገለበጡት። ኮቱን አዩ። ሥዕሉን አዩ። እሷን አዩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄስ... መቼ?»

«አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«መቼ ዞር ብለው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

አቶ ሽመክት ማይኩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ከቁጥር አንድ ማንበብ ጀመሩ።

ይርገዱ ተናዳለች። ደስ ብሏታልም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከጀርባው ብቻ ያወቀው ሥዕል ሁለት ከአስር ነው? እሳቸው የሚያውቁት ይሄን ያህል ብቻ ከሆነ ሠላሳ አራት ዓመት የፈራችው ምናቸውን ነው?

«እስክሪብቶዎን ያውሱኝ» አለች።

አወጡና ሰጧት። ቅጹን ከሥዕሉ ጎን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ይነበብ» ላይ ትልቅ ቀይ ራይት አደረገች፤ እሳቸው ለጎበዝ ተማሪ የሚያደርጉትን ዓይነት። ሰዓዳ ተቀብላ ወደ መድረኩ ሮጠች።

«ቁጥር አሥራ አራት፣ ወይዘሮ ይርገዱ ካሳሁን!»

ጭብጨባው ሲነሳ መምህር ቢያድግልኝ ኮቱን በክንዳቸው እንደያዙ ጠጋ አሉ።

«እስክሪብቶዬን» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ያልኩት በአፌ ነው፤ ደብተሩ ላይ ቦታው ገና ባዶ ነው። ስጪኝና ልሙላው።»

ይርገዱ እስክሪብቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቀጭ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወደ መድረኩ ሄደች። እሳቸው ጀርባዋን እያዩ ቆሙ።


ከትንሿ ደብተር፣ የመጨረሻው ገጽ

11.     1/10

12.     1/10

13.     6/10

14.         /10