ረቢአ ያወጣችው ሳንቃ

ኑርሁሴን ዓይኑ መድከሙን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ረቢአ ግን ካወቀች ሰንብታለች፤ በከሰል የተነከረውን ክር ግንዱ ላይ ወጥሮ መስመር ካስመታ በኋላ፣ መስመሩን በጣቱ ሲፈልግ አይታዋለች።

ግንዱ ዋንዛ ነው፤ ጨፋ ካለው የአባቷ ማሳ ዳር የቦርከና ወንዝ ሙላት የገነደሰው። የመንደሩ ሼህ ቁርአን የሚቀሩ ልጆች ሉሃቸውን፣ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ የሚያሳርፉበት ወጥ ሳንቃ አዘዋል፤ ስፋቱ ከክንድ ተኩል እንዳያንስ ብለዋል። መጋዙ አንዴ ከመስመር ከወጣ ግንዱ ማገዶ ይሆናል፤ ሃያ ዓመት የተከበረው የኑርሁሴን ስምም አብሮ ይወድቃል።

«አንተ ከታች ሁን፤ ላዩን እኔ ልያዝ» አለችው።

መጋዙ በሁለት ሰው የሚሳብ ነው፤ መስመር የሚጠብቀው ከላይ የሚቆመው ነው። የታችኛው ይስባል፤ ሰጋቱራውም ይወርድበታል። ኑርሁሴን ሻሹን ጠምጥሞ ግንዱ ከተጋደመበት ቆጥ ስር ገባ።

ጎረቤታቸው አናጢው ሙሳ በአጥሩ ብቅ አለ። «ኡስታ ኑርሁሴን፣ አንተን የመሰለ ባለሙያ በስተርጅና ሰጋቱራ ልትቅም ነው?»

«ሙሳ፣ ምላስህ ከኛ መጋዝ ይሰላል፤ ምነው እሱን ብታውሰን» አለች ረቢአ፣ ዓይኗን ከመስመሩ ሳታነሳ።

ቢስሚላሂ ብለው ጀመሩ። እኩሌታው ላይ አንጓ ገጠማቸውና መጋዙ ወደ ግራ ሸሸ። «ቁም» አለች። ከኋላ ሽብልቅ መትታ ስንጥቁን ከፈተች፤ መጋዙን ጥቂት ወደ ኋላ መልሳ፣ ቀስ እያለች መስመሩ ላይ አስገባችው።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሳንቃው ወጣ። ሙሳ መጥረቢያውን ይዞ ገባ። «ጎኑን ላቅናላችሁ።»

«ተወው» አለች ረቢአ፤ «ብትጠርበው ስፋቱ ይጎድላል። ቅርፊቱን እንልጠው እንጂ ጎኑ እንደበቀለ ይሁን።»

«ጠማማ ነው እኮ።»

«የቦርከና ዳርስ መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል?»

ሙሳ ጎንበስ ብሎ ውፍረቱን በጣቱ ለካ፤ ሦስት ጣት። ዞሮ በሌላው ጫፍ ለካ፤ ሦስት ጣት። አላመነም፤ መሃሉን ደገመው። «ማሻአላህ» አለ በዝግታ።

ረቢአ እንዳይሰነጠቅ ጫፎቹን እበት ቀባችና ሳንቃውን ጥላ ስር አጋደመችው። ሼሁ ሲመጡ ስፋቱን በክንዳቸው ለክተው፣ ያልተጠረበውን ጎን በመዳፋቸው ዳበሱና ሁለተኛ ሳንቃ አዘዙ።

በማግስቱ ለሁለተኛው ሳንቃ ሙሳ ራሱ ካፖርቱን አውልቆ መጋዙን ሊስብ ቆጡ ስር ገባ። ኑርሁሴን አጠገቡ ቆሞ፣ መንገደኛ እንኳ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ፤

«እሷ ስትል ብቻ ሳብ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ መስመሩን የምታየው ረቢአ ናት።»