የሚያፈስ ትንፋሽ

ፍሪጅ ጠጋኙ በጆሮው ይመካ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ፍሪጅ ሲያቃስት ይሰማል። አንዴማ አንዲት ሴት በስህተት ደውላለት ገና ሄሎ ከማለቷ፣ ከኋላሽ ያለው ፍሪጅ ጋዝ እያፈሰሰ ነው ብሎ ደንበኛው አድርጓታል ይባላል። የሚባለው ግን ከራሱ አፍ ወጥቶ ነው እንጂ እስከ ዛሬ ምስክር አልተገኘለትም። እንግዲህ ጉድ የሠራው ይሄው ጆሮ ነው።

ታላቅ ወንድሙ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት መንገድ ላይ ቀረ። ከመሞቱ በፊት ድምፁ እንዳያስተጋባ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ቆሞ አንድ ዘፈን ቀድቶ ነበር። ከዚያ ሌላ ድምፁ የትም የለም። ፍሪጅ ጠጋኙ ዘፈኑን ለእናታቸው ሲከፍትላት ትንሽ ሰማችና ፊቷን አዞረች።

"ከበሮው ልጄን ዋጠብኝ" አለች። "ድምፁን አውጣልኝ።"

አንዲት ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። ፍሪጅ ጠጋኙም እንደ ሞተር ፈታትቼ አወጣልሻለሁ ብሎ ማለላት።

የወንድሙን ኮምፒውተር ሲከፍት ከበሮው ለብቻው፣ ቤዙ ለብቻው፣ ጊታሩ ለብቻው፣ የወንድሙም ድምፅ ለብቻው ተደርድረው ጠበቁት። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጊታሩ ጠፋ። ጊታሩን ከፍ አደረገ፤ ቤዙ ተቀበረ። ቤዙን ሲያነሳው ከበሮው አኮረፈ። በሳምንቱ ሁሉም ጣራ ነክቶ፣ ስክሪኑ ቀልቶ በርበሬ መስሎ፣ ዘፈኑ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ድንጋይ ሆነ። የጎረቤት ድመት ሦስት ቀን ጠፍታ ጆሮዋን አጣጥፋ መጣች።

ሲጨንቀው ለስብሰባ የድምፅ መሣሪያ የምታከራየውን ሴትዮ ለመነ። መጥታ ሁሉንም ወደ ታች አወረደችና ወንድምየውን ብቻ ትታ ሌሎቹን ቀስ እያለች ከሥሩ አስገባቻቸው። አንዱ እንዲሰማ ሌላው ዝም ይላል፣ ይቺን ማወቅ ነው አለችው። ስትወጣም ዋናውን እንዳይነካ፣ ቅጂ አውጥቶ በቅጂው ላይ እንዲማር መከረችው።

"የፍሪጅ ቅጂ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀባት።

"ይሄ ፍሪጅ አይደለም" አለችው። "ወንድምህ ነው።"

የወንድሙ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ግን ከእሱ ጋር ሌላ ነገር ወጣ፤ በየስንኙ መሃል እስስ የሚል። ለፍሪጅ ጠጋኝ እስስ ማለት ጋዝ ነው፤ ጋዝ ካለ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ትቶ ከሰው ቤት ወጥቶ አያውቅም። ቢቆጥረው አርባ አንድ ቦታ እስስ ይላል፤ ሁለት ቀን ተቀምጦ አርባ አንዱንም እየቆረጠ ደፈነ። ሲጨርስ በዋናው ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ የተቆረጠውን እንደ አሮጌ ዕቃ ጣለው። ምንም ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ጠረገና እናቱን ጠራ።

መጀመሪያው ስንኝ ላይ ፈገግ አለች። ሁለተኛው ላይ ፈገግታዋ ቆመ።

"የት ጋ ነው የሚተነፍሰው?"

"እማዬ፣ አጸዳሁት እኮ።"

ትልቁ ልጇ በሕፃንነቱ አስም ነበረበት። ትንፋሹን እየቆጠረች ነው ያሳደገችው፤ እያንዳንዷን ታውቃታለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ይሄማ ከሞተ በኋላ የዘፈነው ነው" አለች።

የጣለውን ትንፋሽ ፍለጋ ኮምፒውተሩን ገለበጠው፣ ፈተሸው፤ ምንም የለም። ለሴትዮዋ ደወለላት። ነግሬህ ነበር እንኳ ሳትል የጠፋው እንደማይመለስ ብቻ ነገረችው።

በማግሥቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባ። የወንድሙ ካፖርቶች መሃል ቆሞ አርባ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ቀዳው። እያንዳንዱን ወንድሙ ይተነፍስባት በነበረችው ቦታ ላይ ሰካና ለእናቱ ከፈተላት። ከሦስተኛው አላሳለፈችውም።

"ይሄ ያንተ ነው። አፍንጫህ ድሮም ይታፈናል።"

ቢስቁ ደግ ነበር። አልሳቁም። ዝጋው አለችው፤ ከዚያ ወዲህ ክፈትልኝ ብላው አታውቅም።

ዛሬም ፍሪጄ እስስ ይላል ብለው ይጠሩታል። መፍቻውን ይዞ ይሄዳል፣ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል። ባለቤቶቹ ቆመው ይጠብቁታል። ቀዳዳውን ለመድፈን ግን እጁ እሺ አይለውም።