ሙዚቃ ብቻ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አቋራጭ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በእግሩ አይደለም። በእግሩማ ከቢሮው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ኮምፒውተርህን አንዴ ላስተካክልልህ?» ስለሚል። አቋራጭ የተባለው በጣቶቹ ነው። ሌላው ሰው ማውስ ይዞ ሲንከራተት የሚውልበትን ነገር እሱ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ይገላገለዋል። ከዚያ በተረፈው ጊዜ ምን ይሠራል? ሌላ አቋራጭ ይፈልጋል።

የሚሠራው የውሃ ቢሮ ደብዳቤ ክፍል ነው። ሰው ቧንቧዬ ደረቀ ብሎ ያመለክታል፣ እሱ መልስ ይጽፋል። መጻፉ ሲሰለቸው ኮምፒውተሩን አሠለጠነው፤ የአራት ነጥብን ቁልፍ ሁለቴ ሲመታ «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ተጨማሪ አቤቱታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ ይዘረገፋል። ክፍሉ በሙሉ ወደደለት፤ አለቃው ሳይቀሩ በየኮምፒውተራቸው አስገቡት። ጉድ የፈላው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስታገባ ነው። ሠራተኛው የመልካም ምኞት ካርድ አሠራ፣ ጽሑፉን አቋራጭ በጥድፊያ ጻፈው፣ ማንም ሳያየው ታተመና በሙሽሮቹ ፊት ድምፅ ማጉያ ላይ ተነበበ። «ትዳራችሁ የሰመረ ይሁን። ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ተጨማሪ አቤቱታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ።» ሙሽራው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞራል።

የሙዚቃው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ያለ ሙዚቃ መኖር አልችልም ይላል፤ ነገር ግን ዘፈን ሲሰማ ያየው ሰው የለም። ዘፈን ያስተካክላል። መጀመሪያ ባሱን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ቀጭኑን ድምፅ ያወርዳል፣ መልሶ ባሱን ይቀንሳል፤ እስከዚያ ዘፈኑ ያልቅና ሌላው ይጀምራል፣ እሱም በተራው ይስተካከላል። መግቢያው የረዘመ እንደሆነ መግቢያውን የሚቆርጥ ነገር ጭኗል። በቀን ብዙ ዘፈን እንዲዳረስለት ብሎ ፍጥነቱንም ጨመር አድርጎታል፤ እሱ ቤት የፍቅር ዘፋኞች ሁሉ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው የደረሰ ይመስላሉ።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ምግብ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር እያረመች ይህንን ሁሉ ስትሰማ ታመሻለች።

«አንዱን እንኳ እስኪ ጨርሰህ ስማው» ትለዋለች።

«ልሰማው ነው፣ ትንሽ ብቻ ላስተካክለው» ይላል።

አንድ ቀን ግን ከምሯ ተቆጣች። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ እሷ በስልኳ መብራት ፊቷን ታጥባ ስትወጣ፣ እሱ የስክሪኑ ብርሃን ለዓይን እንዲስማማ ሲያስተካክል አገኘችው። የተናገረችውን ሁሉ እዚህ መድገም አያስፈልግም። አቋራጭ አፈረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መፍትሔም አመጣ። መፍትሔው ምን ሆነ? ሌላ ማስተካከያ። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ሴቲንግ የሚባለው የማስተካከያ ገጽ እንዳይከፈት ኮምፒውተሩን ቆለፈው፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ በውስጡ የተጠራቀመውን ጥራጊ ለአንዴም ለመጨረሻም ደምስሶ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዘው። የይለፍ ቃሉን ሆን ብሎ ጭንቅላት የማይዘው ረጅም አድርጎ በብጣሽ ወረቀት ጻፈና ለሚስቱ ሰጣት።

«ተንበርክኬ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ» አላት።

«ለዚህስ አታስብ» አለችው። አምፖሉን ራሷ ቀየረችው።

አባቱ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር አጠገብ ተቀምጠው ጆሯቸው ደክሟል። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፦ አንደኛው ጆሮ አልቆለታል፣ ሁለተኛውም ብዙ አይቆይም። ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ።

ካሴቱን አቋራጭ ያውቀዋል። ነፍሳቸውን ይማርና እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የቤታቸው ሳሎን የሥራ ቦታቸውም ነበር። አባቱ ከሥራ ሲመለሱ አኮርዲዮናቸውን አንስተው ከስፌት መኪናው አጠገብ ይቀመጡና ይጫወታሉ። አንድ ቀን ከጎረቤት ቴፕ ተውሰው የቀዱት ይሄው ነው።

«እናትህ ካረፈች ወዲህ ልሰማው አልደፈርኩም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ግን ይሄ ጆሮ ጨርሶ ሳይዘጋ ልስማው። ስልኬ ላይ አድርግልኝ።»

«እንደ አዲስ ነው የማደርግልዎት አባባ!»

«እንደ አዲስ አይሁን። እንዳለ አድርግልኝ።»

አቋራጭ ራሱን ነቀነቀ። «አድርግልኝ» የምትለዋን ሰምቷል፤ «እንዳለ» የምትለዋ ግን ከጆሮው አልገባችም፣ ልቡ ቀድሞ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዷልና።

በሳምንቱ አጋማሽ አሮጌ ቴፕ ከሥራ ባልደረባ ተዋሰና ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ቀዳው። ልክ ሲያልቅ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩ እንደተተረተረ ሹራብ ተዝረክርኮ ወጣ፣ ሲጎትተው ብጥስጥስ አለ። አቋራጭ አልደነገጠም፤ ዋናው ነገር ገብቷል። ከዚያ ለአፍታ ሰማው። ከአኮርዲዮኑ በላይ የስፌት መኪና ይንጋጋል፣ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣ ሰው ያወራል፣ ሰው ይስላል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ የምትለው መስመር ላይ ስለነበር የሚያወራው ማን እንደሆነ ልብ አላለም። ይልቅ ሆዱ ባባ። አባቱ የቀረቻቸው አንዲት ጆሮ ናት፤ እሷንም በጫጫታ ሊሞሏት ነው?

መድኃኒቱ እጁ ላይ ነበር። ድምፅ የሚያስተካክልበት ፕሮግራም «ሙዚቃ ብቻ» የምትል ቁልፍ አለችው። ተጫናት። አኮርዲዮኑ ብቻውን ጥርት ብሎ ቀረ። የጸዳ ፋይል ሲገኝ ያልጸዳውን እንዲያጠፋ ድሮ ያዘዘው ማስተካከያ ወዲያው ሥራውን ሠራና ዋናውን ቅጂ ከሥሩ ነቀለው። ከሙዚቃው ተለይቶ የወጣው ጫጫታም እንደማንኛውም ጥራጊ ሪሳይክል ቢን ወደሚባለው የኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ተወረወረ። አቋራጭ ባሱን ትንሽ ከፍ አደረገና በራሱ እየተደሰተ ተኛ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቱ መጡ። ፂማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ሶፋው ላይ አስቀምጧቸው የጆሮ ማዳመጫውን አደረገላቸውና ስልካቸውን ከፈተ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ግንባራቸው ተቋጠረ። ማዳመጫውን በእጃቸው ጫን አደረጉት፣ ደህና ወደሆነው ጆሯቸው አዘንብለው የሆነ ነገር የሚጠብቁ መሰሉ። እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

«ጥሩ ነው» አሉ ማዳመጫውን እያወለቁ። «እናትህስ?»

«እናቴ ምን?»

«እናትህ የት ሄደች?»

አቋራጭ ሚስቱን አያት። ሚስቱ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እዚህ ውስጥ'ኮ ነበረች» አሉ አባቱ ስልኩን እያገላበጡ። «መኪናዋ ነበር፣ ሳሏ ነበር፣ ስትቆጣኝ ነበር። ልጄ፣ የኔን አኮርዲዮንማ ምን አደርገዋለሁ? የእሷን ድምፅ ነው ልስማ ያልኩህ። ሌላ የቀረኝ'ኮ የለም።»

«አባባ... ጫጫታ መስሎኝ...»

«ካሴቱን መልስልኝ በቃ። ቴፕ እፈልጋለሁ።»

 አቋራጭ እናቱን በገዛ እጁ ጠርጎ እንደጣላቸው የገባው አሁን ነው፤ ካሴቱ ተበጣጥሷል፣ ዋናው ቅጂ ጠፍቷል፣ በዓለም ላይ የቀረው ቅንጣት ድምፃቸው ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ነው። ሰዓቱን አየ። ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ተወርውሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ዓይን ያደክማሉ ብሎ ምልክቶቹን ሁሉ ደብቋቸዋል፤ ሁሉም ነገር የሚከፈተው በጣት ነው። ጣቶቹ ግን ከድንጋጤ ብዛት ያውቁት የነበረውን ረሱት። ሁለት ቁልፍ ተጫነ፤ ለእንቅልፍ ያዘጋጀው የዝናብ ድምፅ መንሿሿት ጀመረ። ሌላ ተጫነ፤ ባዶ ደብዳቤ ተከፈተና «ቅሬታዎ ደርሶናል» የሚለው ተዘረገፈ። ሌላ ተጫነ፤ አንዷ ዘፋኝ ያለ መግቢያ መጣችና ፍቅሯን እየሮጠች ትገልጽ ጀመር። ሴቲንጉን ሊከፍት ሞከረ። በትልልቅ ፊደል፣ ራሱ የጻፈው መልእክት ብቅ አለ፦ «ወዳጄ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ተነስና ከቤተሰብህ ጋር ተጫወት።»

ገመዱን ከግድግዳው ሊነቅለው አጎነበሰ። ኋላ ሲበራ ያቋረጠውን ጽዳት ከሁሉ በፊት እንዲጨርስ ማዘዙ ትዝ አለውና እዚያው በጉልበቱ ቀረ። በጉልበቱ እንዳለ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የኔ እመቤት፣ ያቺን ወረቀት።»

«ተንበርክኬ ብለምንሽ እንኳ ብለህ ነበር» አለችው። ይህን ስትል ግን እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል።

ወረቀቱን ተቀብሎ መታ፤ ተሳሳተ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ተሳሳተ። ዘፋኟ ትሮጣለች፣ ዝናቡ ይዘንባል። «ተነስ ከዚህ» አለችና ከወንበሩ አስነሳችው። ተቀምጣ በአንድ ጣቷ፣ እንደ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ፊደሉን እየጠራች፣ ከወረቀቱ ወደ ኪቦርዱ፣ ከኪቦርዱ ወደ ወረቀቱ እያየች ጻፈች። አቋራጭ እንዲህ ያለ ቀርፋፋ አጻጻፍ አይቶ አያውቅም፤ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ሴቲንጉ ተከፈተ፤ አቋራጭ ያመለከታትን አንድ ነገር ነካች። የተደበቁት ምልክቶች ሁሉ እንደ እንግዳ ግር ብለው መጡ። ማውሱን ይዛ በረጅሙ መንገድ ሄደች፤ ሪሳይክል ቢኑን ከፈተች፣ «ቀሪ ድምፅ» የሚለውን ፋይል አወጣች፣ የሽማግሌውን ስልክ ሰክታ ወደዚያ ገለበጠችው።

ስልኩን ከገመዱ እንደነቀለች ስድስት ሰዓት ሆነ። ኮምፒውተሩ እንደታዘዘው ጥራጊውን ደመሰሰ፣ ዘፋኟንም ዝናቡንም አፈነና ድርግም አለ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በደብተሮቹ መሀል አስቀመጡት። ሽማግሌው በደህናው ጆሯቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

መጀመሪያ የስፌት መኪናው መጣ። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ጨርቅ ይዞራል፣ ደግሞ ይሮጣል። አኮርዲዮኑ የለም፤ በእሱ ቦታ ክፍት ዝምታ አለ። ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ፣ ሳል ተሰማ። አቋራጭ ሳሉን በአንዴ አወቀው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሆኖ ይሰማው የነበረ ነው።  ከዚያ መኪናው ቆመና እናቱ ተናገሩ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም አንድ ላይ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቴፑን መነካካቱን ተወውና ተጫወት እንጂ! ስትጎረጉር'ኮ መሸ!»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው መሐረባቸውን አወጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጠርገውም አልጨረሱም። ሚስቱ አንዱን የተማሪ ደብተር አንስታ አፏን ሸፈነችበት። ወደ አቋራጭ አላየችም፤ አለማየቷ ግን ከማየት የባሰ ነበር።

 መኪናው ድምፁ ትንሽ ወፍሯል፣ ሳሉ ላይ ደግሞ የሆነች ጭረት አለች፤ በአንዲት ንክኪ የምትስተካከል ናት። አቋራጭ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። እስከ መጨረሻው ሰማ። እናቱ ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ፣ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ሲነሱ፣ እግራቸው ወደ ማንቆርቆሪያው ሲሄድ፣ አንድም ሳይቀር ሰማ።

ቅጂው አለቀ።

«አባባ፣ አኮርዲዮኑንም መልሼ ልቀላቅልልዎት?» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ተወው እሱን። እኔ ድሮም መጫወት አልችልም ነበር።» ስልኩን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይልቅ እሷን ልድገማት። የቱን ነው የምነካው?»

«ለእሱማ አባባ አንድ አቋራ...» ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። ጎንበስ ብሎ የአባቱን አውራ ጣት ያዘና ቁልፏ ላይ አሳረፈላቸው።

«ይቺ ናት። ሌላ ምንም አይንኩ።»