በሙጫ የታሸገ እጅ

«አይጎትቱት! በእመቤቴ፣ አይጎትቱት!» ጀምበሩ እጁን ከአገኘሽ መንጭቆ ብብቱ ስር ወሸቀው።

«መች ነካሁህና ነው የምትጮኸው?»

አገኘሽ የኮኪት ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ናት። ይህ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ ቆላ የወረደ ሰውዬ ከሦስት ሳምንት በፊት የትራክተር ራዲያተር እንፋሎት እጁን ሲገሸልጠው ፋሻ ያሰረችለት እሷ ነበረች። ከሳምንት በኋላ ሰልፉ በዝቶባት በደረቁ ስትፈታው ግን ፋሻው አዲሱን ቆዳ ይዞት ተነሣ፤ ሰውዬው ክሊኒኩን በጩኸት አናግቶ ጠፋ። ዛሬ ደግሞ የነጠላውን ቅዳጅ ቁስሉ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጠርዙን ብቻ በግራር ሙጫ ጤነኛው ቆዳ ላይ ለጥፎ መጣ። ሙጫው ደርቆ ቀንድ መስሏል።

«እንጨት ነህ እንዴ በሙጫ የምትጠገነው? ቆዳው እንደገና ከተላጠ እኮ ጣትህ አይታጠፍም! ማጭድም እርፍም አትጨብጥም!»

«ለዚያ እኮ ነው አይንኩት የምልዎ፣ ጓዲት።»

ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በሳህን አቀረበችለት። «ክተተው፤ ይርሳል።»

«ውሃ እንዳይነካው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? ገላዬን ስታጠብ እንኳ እጄን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ነው!»

አገኘሽ ጭንቅላቷን ያዘች። የተነገረውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይህችን አንዷን ብቻ ሰማ! «የወንዙን ውሃ ነው ያልኩህ፣ የወንዙን! ወይ የኔ ጣጣ!» ውጭ ወባ የሚያንቀጠቅጣቸው ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«ሙጫ ይዘሃል?»

ከኪሱ ድቡልቡል ሙጫ አወጣ። አርጥባ የገዛ ክንዷን ቀባችና ቁራጭ ጨርቅ ለጠፈችበት። እስኪደርቅ ተፋጠው ተቀመጡ።

«በል፣ ጎትት።»

ፈራ ተባ እያለ ጫፉን ጎተተ። ጨርቁ ጠጉሯን እየነቀለ ሲነሣ «ውይ እናቴ!» ብላ ዘለለች። ጀምበሩ ሳቅ አመለጠው።

«ሳቅ! ሳቅ! አሁን ደግሞ እየው።» የቀረውን በውሃ አራሰችው። ቆይቶ ሙጫው ዝልግልግ አለና ጨርቁ ማንም ሳይጎትተው ተንሸራቶ ወደቀ።

ጀምበሩ ክንዷን አየ፤ ሳህኑን አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ነከረ።

ጨርቁ ሲለቅ ከስሩ ቀላ ያለ ስስ ቆዳ ታየ፤ አንድም ቦታ አልተላጠም። አገኘሽ እፎይ አለች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም፤ አሁን የተናደደችው በራሷ ነው። በዚያን ቀን ፋሻውን በትንሽ ውሃ አርሳ ብትፈታው ምን ነበረበት?

ልታስርለት ያነሣችውን ፋሻ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው።

«ያን ሙጫ ወዲህ በለው፤ ላፈላው ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ እንዳንተው ጠርዙን በሱ እለጥፍልሃለሁ» አለች። «ነገም ይዘህ ና። ጨርቁን አርሰህ የምታነሣው ግን አንተው ነህ፤ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»