የቆመ ዲስክ

ዲስኩ ሲሞት አይናለም ቢሮዋ ቁጭ ብላ ቁርሷን ትበላ ነበር። ከጓዳው የማንቂያ ድምፅ ሰማች፤ ገብታ አየች፤ አራተኛው ዲስክ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ዲስክ መቼም ይሞታል፣ መድኃኒቱም አለ ብላ ቁርሷን ልትጨርስ ተመለሰች። ሁለት ጉርሻ ከጎረሰች በኋላ ነው መድኃኒቱ እቤት እንደሌለ ትዝ ያላት። ሦስተኛውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይናለም በምትሠራበት ወረታ ባለው የመሬት መዝገብ ቤት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን አለ። አሥራ ሁለት ዲስኮች ተሰክተውበታል። አሥራ አንዱ ይሠራሉ፤ አሥራ ሁለተኛው ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ከሚሠሩት አንዱ ቢሞት፣ ማሽኑ የሞተው የያዘውን ከቀሪዎቹ አስልቶ በተጠባባቂው ላይ ይጽፈዋል። ይህ ሳይሆን ሁለተኛው ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይጠፋል፤ አንዲት መስመር አትተርፍም።

ማሽኑ የያዘው ደግሞ የፎገራን ሜዳ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውኃው ሲሸሽ ደለሉ ድንበሩን ውጦት ይቀራል፤ በዚህ የተነሳ ስንት ወንድ ተገዳድሏል። ከስድስት ዓመት በፊት ቀያሾች መጥተው የእያንዳንዱን ማሳ ጥግ በመሣሪያ ለኩ፤ ቁጥሩ እዚህ ማሽን ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በድንበር የሞተ ሰው የለም። ገበሬው እጅ ያለው ደብተር ስፋቱንና የአዋሳኙን ስም እንጂ መስመሩን አይናገርም። ቅጂው በየወሩ ወደ ባሕር ዳር ይላክ ነበር፤ የኢንተርኔት መስመሩ ከተቋረጠ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

ታዲያ ተጠባባቂው የት ሄደ? አይናለም ራሷ አውሳዋለች።

ለመፍረድ አትቸኩሉ። አይናለም የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ የአለኸኝ ልጅ ናት። አባቷ ያለው አንድ በሬ ነው፤ አዋሳኙ ካሴ ያለውም አንድ በሬ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ማረስ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ አገር በእርሻ ወቅት በሬውን አቁሞ ጎረቤቱ ጥማድ አጥቶ ሲቸገር የሚያይ ሰው፣ ለሰላምታ እንኳን አይፈለግም። አይናለም ያንን ዲስክ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ አየችው። አገኘሁሽ የምትባል የአጥር ማዶው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ኮምፒውተራችን ሞላ፣ የነፍሰ ጡሮቹን መረጃ የት ላድርገው ብላ ስታለቅስባት ነቅላ ሰጠቻት። እስከ መስከረም ብቻ ተባብለው ነበር። ጥቅምት ገባ፤ አይናለምም ዛሬ ነገ ስትል ከረመች።

ባልደረባዋን ማርያማዊትን ማሽኑን እያየሽ ቆይ ብላ አጥሩን ዞራ ሮጠች። አገኘሁሽ ዲስኩን ስትጠየቅ ፈገግ አለች። ለእነርሱ በመጋቢት አዲስ ኮምፒውተር መጥቶላቸዋል፤ ዲስኩ ቆሞ ከሚውል ብላ ለመምህር ሰውመሆን አውሳዋለች። አይናለም ሳትሰናበታት ወደ በሩ ዞረች። አገኘሁሽ ምን እንዳጠፋች ፈጽሞ አልገባትም፤ እንዲገባትም የሚያደርግ ነገር አልነበረም።

ባጃጅ ይዛ ትምህርት ቤት ደረሰች። ሰውመሆን ፈተናው ሰኔ ላይ አለቀ፣ ዲስኩም ሥራ ፈታ፣ ስለዚህ ለሙሰብ ሰጠሁት አላት። ይህን ያለው ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ነበር።

ሙሰብ ከደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ፎቶ ቤት አለው፤ ከሚስቱ ከዙህራ ጋር የከተማውን ሠርግ ይቀርጻል። አይናለም ስትገባ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ተሰክቶ ብልጭ ድርግም ሲል አየችውና ልትስመው ምንም አልቀራትም። ሁሉንም ነገረችው። ሙሰብ የራሱም ቤት ቦታ እዚያ ማሽን ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ዲስኩን ማሽኑ ውስጥ ስትሰኪው ያለበትስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃት። ይጠፋል አለችው፤ ማሽኑ ጠርጎ ነው የሚጽፍበት።

በዲስኩ ላይ ከሰኔ ወዲህ የተቀረጸ ሠርግ ሁሉ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ዙህራ አንዱን ሠርግ ብቻ ጠቀሰች። የሙሽራዋ የከውሰር አባት በልጁ ሠርግ ላይ ሲመርቅ ተቀርጿል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ፤ ልጅቱ እስካሁን አላየችውም። አሮጌ ዲስክ አላቸው፤ ገልብጦ ለማውጣት ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ሙሰብ እጁን ገመዱ ላይ አሳረፈ።

"የአንቺ ይበልጣል። ውሰጂው፣ እኔ ለሰዎቹ እነግራለሁ" አላት።

እዚህ ላይ መውሰድ ነበረባት። እሷም ታውቀዋለች። ግን በቁሐር ሚካኤል ያዋሰ ሰው በሬውን ሊወስድ ሲመጣ የተዋሰው እያረሰ ካገኘው፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጥማዱ እስኪፈታ ይጠብቃል። ከትልም መሀል አስፈትቶ የሄደ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል። አይናለም ይህን ከአባቷ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣ አይታ ነው ያደገችው። ማሽኑ እሷ ከተቀጠረች ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ዲስክ አልገደለባትም፤ በአንድ ቀን ሁለት ይሞታል ብሎ ማን ያስባል? ዲስኮቹ የአንድ ቀን ግዥ፣ የአንድ እድሜ መሆናቸውን ግን ልታስብ ይገባ ነበር። አላሰበችም።

"ገልብጠው። እጠብቃለሁ" አለችው።

ስድስቱን ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስክሪኑ ላይ የምትሳብ መስመር ስታይ ዋለች። ዙህራ ምሳ አቀረበችላት፤ መቅመስ አቃታት። ማርያማዊት በየሰዓቱ እየደወለች ሰላም ነው ትላለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልቧ ትንሽ ረጋ፤ እንዲያውም ከሙሰብ ጋር ስለ ሠርግ ማጀብ ቀልደው ሳቁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል የሚለውን እያነበበች ስልኳ ጮኸ።

"አይኑ፣ ዘጠነኛውም ቀይ በራ" አለች ማርያማዊት።

አይናለም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆመች። ሙሰብ የሆነውን ከፊቷ አነበበና ገመዱን ነቅሎ ዲስኩን በሻሽ ጠቅልሎ ሰጣት። ለምን እንደያዘችው እንኳን ሳታውቅ ይዛው ሮጠች። ጓዳው ገብታ ሰካችው። ማሽኑ ተቀበለው፤ አረንጓዴ መብራት አበራለት፤ የሚጽፍበት ነገር ግን አልነበረውም። የሜዳው ሁሉ ስም ዝርዝር የሚታይበት ስክሪን ባዶ ነጭ ሆኖ ቀረ። ማርያማዊት ደጋግማ አጥፍታ አበራችው። አይናለም ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች፤ አላለቀሰችም፤ ማልቀስም የሚመጣው ነገሩ ለገባው ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባቷና ካሴ በአንድ ባጃጅ መጡ። ጎርፉ የሁለቱንም ሩዝ አስተኝቶት፣ በመካከላቸው ያለው የድንበር እርከን ደለል ውስጥ ገብቷል፤ የመጡትም ማጭድ ሳይገባ መስመሩን እንዲያሳዩአቸው ነው። አለኸኝ ልጁ እዚያ ቢሮ ስለምትሠራ እንደ ልማዱ ኮራ ብሎ ገባ። ካሴ ባጃጁ ውስጥ የጀመረውን ቀልድ ገና አልጨረሰም።

አይናለም መዋሸት አልቻለችም። ተነስታ ሁለቱንም አስቀመጠችና እንደ ሆነው አድርጋ ነገረቻቸው፤ ማዋሷንም፣ መጠበቋንም።

አባቷ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ተጠጋ። ከዚያ፣ "የኛም? የሁላችንም?" ብሎ ጠየቀ።

"የሁላችሁም፣ አባዬ። የሜዳው በሙሉ።"

ካሴ ሳቅ አለ። "ግድ የለም ልጄ፣ እኛ መች ተጣልተን እናውቃለን። መስመሩ እንደሁ ከግራሩ ሥር ነው የሚያልፍ" አላት።

"ከግራሩ ሥር አይዶለም" አለ አለኸኝ። "ከግራሩ ወዲያ ነው።"

"ኧረ ተው አለኸኝ፣ ቀያሾቹ ሲለኩ አብረን ቆመን የለም እንዴ?"

"ቆመናል። ከግራሩ ወዲያ ነው።"

አይናለም ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። ካሴ ሳቁ ከፊቱ ላይ ሳይወርድ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ዱላውን አነሳና ደህና ዋይ ልጄ ብሏት ወጣ፤ ጓደኛውን አልጠበቀም። የባጃጁ ሞተር ሲነሳና ሲርቅ ሁለቱም ሰሙት።

"አባቱም እንዲሁ ነበር" አላት አለኸኝ ቀስ ብሎ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

በሩን ከፈተችለት። ከውጭ አግዳሚው ላይ ሌሎች ሁለት አዋሳኝ ገበሬዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተጫወቱ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።